በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?

ደመወዝተኛ መሆን እንዴት ያለ መታደል ነው! ነጋዴው ሐምሌ በገባ ቁጥር ሰነዱን በፌስታል ጠቅልሎ ዝናብ እየወረደበት ሲሰለፍ፣ ደመወዝተኛው ቤቱ ቁጭ ብሎ ቡናውን ይጠጣል። ደመወዙ ገና እጁ ሳይገባ ግብሩ ተቆርጦለታላ!

በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ደግሞ ይበልጥ አዘነለት፤ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ከ14,000 ብር በላይ የሚያገኝ ግን ከዚያ ለሚበልጠው 35 በመቶ ይከፍላል፤ ሀብታም ነዋ! አዲስ አበባ ላይ የቤት ኪራይ ከፍሎ የተረፈውን ሀብት የት እንደሚያስቀምጠው እሱ ይጨነቅበት።

ተቀናሽ ወጪ የሚባለው ነገር ለነጋዴ ነው። የሱቁን ኪራይ፣ የሠራተኛውን ደመወዝ፣ የመኪናውን የእርጅና ቅናሽ ሳይቀር ያስይዛል። ደመወዝተኛው ሥራ ለመድረስ የከፈለው የታክሲ ሒሳብ ግን በሕጉ ዘንድ አይቀነስለትም። እርጅናም ቢሆን ለመኪናው እንጂ ለሰውዬው አልተፈቀደም።

ነጋዴውም ቢሆን መርካቶ ወርዶ ዕቃ ሲያነሳ ሻጩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ይለዋል። ዋጋቸው ለየቅል ነዋ! ርካሹን መርጦ የመጣ እንደሆነ፣ ኦዲተሩ ሽያጩን አብጠርጥሮ ያውቅለታል፤ ግዢውን ግን ሰምቶም አያውቅ።

እናማ ወዳጄ ነጋዴው፣ ደረሰኝህን ከወዲሁ ሰብስብ። ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ከሆንክ ግብርህን ለማሳወቅ እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ አለህ።