ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የሚደክም ሰርቨር

ድሬዳዋ በሚያዝያና በግንቦት፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ መንገዷን ለሙቀቱ ትለቃለች። የመጋላ ሰፈር ሱቆች ይዘጋሉ፤ የከዚራ ሰፈርም በዛፎቹ ጥላ ሥር ጭር ይላል፤ ሰው ወደ ምሳው፣ ወደ ጫቱ፣ ወደ እንቅልፉ ይሄዳል። ገበያው እንደገና የሚሞቀው ወደ አሥር ሰዓት ግድም ነው። ይህን ከስንፍና የሚቆጥር የደጋ ሰው አጋጥሞኝ ተከራክሬዋለሁ። ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. እዚህ የተቆረቆረችው የባቡሩን ሐዲድ በሐረር ተራራ ላይ ማውጣት ከባድና ውድ ስለነበረ ነው። 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሐረር ቀርታ ጣቢያው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተተከለ። ሙቀቱ አብሮ የተሰጠ ነው፤ ሰዉም አኗኗሩን አበጅቶለታል። በቀትር የማያርፈው ሰርቨር ብቻ ነው፤ የእኔም ጣጣ የጀመረው ከዚያ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት ጠራኝ። «ጠዋት ደህና ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይንቀራፈፋል» አሉኝ። ስገባ ወረፋው እስከ በረንዳው ደርሷል። ልጅ ያዘለች ሴት መስኮቱ ጋ ደርሳ «ሲስተም የለም፣ ነገ ነይ» ተባለች። ከከተማ ውጭ መምጣቷን፣ የትራንስፖርት ገንዘቧም ለዛሬ ብቻ መሆኑን ተናገረች። የሚመልስላት አልነበረም። ይህ «ሲስተም የለም» የሚሉት ነገር በአገራችን ስንቱን ሰው ባዶ እጁን እንደሚመልስ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ፐርፎርማንስ ሞኒተርን ከፈትኩት፤ ግራፉ ባዶ ነው። የሲፒዩ፣ የሜሞሪ፣ የዲስክ እየተባለ ስም መደርደር በነበረበት ቦታ ቁጥር ብቻ ተደርድሯል። ኢቨንት ቪወር ውስጥ ደግሞ ፐርፍሊብ 1008 እና 1023 የሚሉ ስህተቶች ተከምረዋል። ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ እያንዳንዱ አገልግሎት የራሱን ልኬት የሚያቀርብ ትንሽ ፋይል አለው፤ 1023 ፋይሉ አልጫን ማለቱን፣ 1008 ደግሞ ሥራውን ለመጀመር ሲሞክር መክሸፉን ይናገራል። የልኬቶቹን ስምና ቁጥር የሚያገናኘው ዝርዝር ሬጅስትሪ ውስጥ ነው፤ አንድ ፕሮግራም በወጉ ሳይነቀል ሲቀር ዝርዝሩ ይዘበራረቃል። ይህን ስህተት ያየ አንዳንዱ ሰርቨሩ ሞተ ብሎ ይደነግጣል፤ ሌላው ግራፉ ላይ ምንም ስላላየ ሰላም ነው ብሎ ይሄዳል። ሁለቱም የሚያዩት መለኪያውን እንጂ ሰርቨሩን አይደለም።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ኮማንድ ፕሮምፕቱን በአድሚኒስትሬተር ከፍቶ «ሎድሲቲአር» የሚባለውን ትዕዛዝ ከትልቁ «አር» ጋር መስጠት ነው፤ መጀመሪያ ሲስተም32 ውስጥ፣ ቀጥሎ ሲስዋው64 ውስጥ። አንዳንዴ መጀመሪያ ላይ ስህተት ይመልሳል፤ ሲደግሙት ያልፋል። እኔም ልደግመው እጄን ስዘረጋ መብራት ጠፋ።

ዩፒኤሱ ጮኸ፣ ግቢው ውስጥ ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ሰርቨሩ ምንም አልሆነም። ከጄኔሬተሩ ጋር ያልተገናኘው ኤሲ ግን ዝም አለ። ክፍሉ ድሮ የዕቃ ግምጃ ቤት ነበር፤ ቆርቆሮው ዝቅ ያለ፣ አንዲቷ መስኮት ወደ ምዕራብ የምታይ። ላቤ ኪቦርዱ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። የሰርቨሩ ማራገቢያዎች ድምፃቸው እየቀጠነ እየጮኸ ሄደ፤ እጄን ከኋላው ባስጠጋ እንደ ምጣድ ጋለብኝ።

ትዕዛዙን ደግሜው ሲያልፍ ግራፉ ሕይወት ዘራ። ሲፒዩው መቶ በመቶ ተይዟል። መሥሪያ ቤቱም በመንቀራፈፉ ምክንያት አዲስ ሰርቨር ለመግዛት አስቦ ነበር። እኔ ከጎኑ ሌላ ልኬት ጨመርኩ፤ ፕሮሰሰሩ ከሙሉ ፍጥነቱ ስንት መቶኛውን እየሮጠ እንደሆነ የሚያሳየውን። ያ መስመር ዓይኔ እያየ ወረደ። ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱን እያዘገየ ነበር፤ መቶ በመቶ የተያዘው ሥራ በዝቶበት ሳይሆን አቅሙ ተቀንሶበት ነው።

ማስረጃውን የሰጡኝ ዘበኛው ናቸው። ጄኔሬተሩ በተነሣና በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን በደብተር ይጽፋሉ።

«አባባ፣ ደብተሩን ላየው?»

«አንተ፣ ስለ ናፍጣው ነው? ጠብታ አላባከንኩም አቦ!»

«ስለ ሰዓቱ ነው፣ አባባ።»

መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ። እሳቸው «8 ሰዓት ከ10» ያሉት ኮምፒውተሩ ላይ 14፡10 ነው፤ የእሳቸው ሚያዝያም ኮምፒውተሩ ላይ አንዴ ኤፕሪል፣ አንዴ ሜይ ይሆናል። ስድስት ሰዓት እየቀነስን፣ ቀኑን እየመለስን ደብተሩን ከአሮጌው የስህተት መዝገብ ጋር አስተያየነው። ሠራተኞቹ «ቆመ» ብለው ያስመዘገቡበት ከሰዓት በኋላ ሁሉ ጄኔሬተሩ የተነሣበት ነው።

ችግሩ የሚታይበት ቦታና የሚነሣበት ቦታ እንደሚለያዩ ድሬ በመራራ መንገድ ታውቀዋለች። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ ውኃው የመጣው ከላይ ከደጋው ከጣለው ዝናብ ነበር። ከተማው ውስጥ ድልድዩ ላይ ቆሞ ወንዙን የሚያይ ሰው የሚያውቀው ጎርፉ ከደረሰ በኋላ ነው፤ መለኪያው ደጋው ላይ መሆን አለበት። ለሰርቨርም ደጋው ወደ ሆዱ የሚገባው አየር ነው። አሽሬ የሚባለው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለዚህ አየር የሚመክረው ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን የግድግዳ ቴርሞሜትር እንኳ አልነበረም።

ለኃላፊዋ ሁሉንም አሳየኋት። የድሬ ልጅ ናት፤ ብዙ አላስለፋችኝም። የአዲሱ ሰርቨር ግዢ ቆመ፤ ኤሌክትሪሺያኑ ለኤሲው ከጄኔሬተሩ የራሱን ገመድ ሳበለት፣ መስኮቷም ተከለለች። መብራት በጠፋበት በሚቀጥለው ከሰዓት የአገልግሎቱ መስኮት ጋ ቆሜ ወረፋው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሙቀቱ ከልኩ ሲያልፍ በስልክ መልእክት የሚልከው መለኪያ ግን አልተገዛም፤ በሐምሌ 1 በሚገባው በጀት ተይዟል ተብያለሁ። ሐምሌ ሲብት ደጃቸው ላይ ነኝ።