ወፍ፣ መነጽርና የፍሳሽ ቦቴ

ወፍ መመልከት የሚባለው የትርፍ ጊዜ ልማድ ወፏን ሳያጠምዱ፣ ሳይበሉና ሳይሸጡ፣ አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር አይቶ፣ ስሟን በማስታወሻ መዝግቦ ወደ ቤት መመለስን ግቡ ያደረገ ሲሆን፣ ከባለቤቱ የሚጠይቀውም ጥሩ ዓይን፣ ረጅም ትዕግሥትና ሥራ ፈት መባልን ከቁብ አለመቁጠር ነው። ልማዱ የተጠናወተው ሰው በሕይወት ዘመኑ ያያቸውን የወፍ ዓይነቶች ሁሉ የሚያሰፍርበት «የዕድሜ ልክ ዝርዝር» አለው፤ በዚህ ዝርዝር ላይ አንዲት አዲስ ስም ለመጨመር ሲል ደመወዙን ለአውሮፕላን ትኬት የሚያፈስስና ሌሊቱን በመንገድ የሚያነጋ ሰው በአውሮፓና በአሜሪካ ብርቅ አይደለም። የአማርኛ አንባቢ በበኩሉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው የወፍ ዝርዝር በኦሪት ዘሌዋውያን 11ኛው ምዕራፍ የሚገኘው ነው፤ ሽመላና ሳቢሳ፣ ጉጉትና እርኩም እዚያ የተቆጠሩት ግን እንዲታዩ ሳይሆን እንዳይበሉ ነው። ሁለቱ ዝርዝሮች በዓላማ የተለያዩ ቢሆኑም በይዘት አይራራቁም፤ ሕጉ ርኩስ ካላቸው ወፎች መካከል ብዙዎቹን በአንድ ጠዋት ማየት የፈለገ ሰውም የሚመከረው ንጹሕ ወዳልሆነ ውሃ ዳር እንዲሄድ ነው።

በወፍ ተመልካቾች ዘንድ ለዘመድ አዝማድ የማይነገር፣ እርስ በርስ ግን የማይደበቅ አንድ እውቀት አለ፤ ይኸውም ወፍ በብዛት የሚገኘው በብሔራዊ ፓርክ ብቻ ሳይሆን ከከተማ በሚወጣ ፍሳሽ በተሞላ ኩሬ ዳርም ጭምር መሆኑ ነው። በአውስትራሊያ የሜልቦርን ከተማ ፍሳሽ የሚጣራበት የዌሪቢ ጣቢያ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሲሠራ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጋማ ስፍራዎች መዝገብ ገብቷል። በናይሮቢ አቅራቢያ የሚገኙት የዳንዶራ ኩሬዎችም በምሥራቅ አፍሪካ ተመልካቾች ዘንድ የተከበረ ስም አላቸው። ነገሩ ይበልጥ የሚጎላው በበረሃ ከተሞች ነው፤ በአሜሪካ ላስ ቬጋስ አጠገብ ያለችው ሄንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1998 የፍሳሽ ኩሬዎቿን ለወፍ ተመልካች ከፍታለች፣ በዚያው ዓመትም ከአቡ ዳቢ ወጣ ብሎ በተጣራ ፍሳሽ የተፈጠረው የአል ወትባ ሐይቅ ፍላሚንጎዎች ጎጆ ሠርተው ጫጩት ሲፈለፍሉበት ታይቷል። በአሸዋ መካከል የሚታይ ማንኛውም ውሃ ለወፍ ውሃ ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚጠይቀው ሰው ብቻ ነው፣ እርሱም የሚጠይቀው ራሱ የላከው መሆኑን እያወቀ ነው።

የዚህን ፍቅር ምክንያት ለመረዳት የማጣሪያ ኩሬን አሠራር ማወቅ ያሻል። ፍሳሹ በመጀመሪያ የሚገባው ከ2 እስከ 5 ሜትር በሚጠልቅ ኩሬ ውስጥ ሲሆን፣ ዝቃጩ ወደ ታች ሰፍሮ ኦክስጅን የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ይበሉታል፤ የሽታው ዋና ምንጭም ይኸው ነው። ቀጥሎ ወደ አንድና ሁለት ሜትር ጥልቀት ወዳለው ሰፊ ኩሬ ይሻገራል፣ በዚያም በፀሐይ ብርሃን የሚያድገው አልጌ የሚባለው አረንጓዴ ተክል መሰል ነገር ለሌሎች ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ያመርታል። በመጨረሻው ጥልቀት የሌለው ኩሬ ፀሐይ ራሷ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ትገድላለች። ሞተርና ኬሚካል የማይፈልገው ይህ ሥርዓት ሙቀትና ሰፊ መሬት ብቻ ስለሚጠይቅ ለሞቃት አገሮች የተመቸ ነው። አልጌውን ጥቃቅን የውሃ ነፍሳት ይበሉታል፣ እነርሱን ቢንቢ የሚመስሉ የማይናከሱ ዝንቦች እጭ ይከተላቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ወፍ ይመጣል። መሐንዲሱ በሥዕሉ ላይ ያላሰፈራት ወፍ፣ እንደ ወፍ ዘራሽ ዱባ፣ ሳትጠራ በቅላ ትገኛለች።

የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ ግን የበረሃ ከተማ አይደለችም። በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ዝናብ የሚጥልባትና በባሕር ኤል ጀበል፣ ማለትም በነጭ ዓባይ የላይኛው ክፍል፣ ዳርቻ የተቆረቆረች ከተማ በረሃ ብትባል ወንዙ ይታዘባል። ይሁንና ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው የበጋ ወቅት ሣሩ ነድዶ፣ አቧራው ከቀይ መንገዱ ተነስቶ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ እንደ ምጣድ ሲግል፣ ከበረሃ ባላት ልዩነት ላይ የሚከራከር ነዋሪ አይገኝም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 9 ቀን 2011 የአዲስ አገር ዋና ከተማ ለመሆን የበቃችው ጁባ ሕዝቧ ከቧንቧዋ ቀድሞ ስላደገ፣ የውሃዋም የፍሳሿም ጉዳይ ለረጅም ጊዜ በቦቴ መኪና ላይ ወድቆ ቆይቷል። አንደኛው ቦቴ ከወንዙ ውሃ ቀድቶ በየሰፈሩ ይሸጣል፤ ከነጂዎቹና ከባለንብረቶቹ መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ጥቂት አልነበሩም። ሁለተኛው ቦቴ የመጸዳጃ ጉድጓድ መጥጦ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሮቶን በሚባለው ስፍራ ወዳለው የማጣሪያ ኩሬ ያደርሳል። የከተማዋ የኑሮ ዑደት በእነዚህ በሁለቱ ቦቴዎች መካከል የተዘረጋ ሲሆን፣ ስለ መጀመሪያው ብዙ ሲጻፍና ብዙ ሲታማ፣ ስለ ሁለተኛው ግን ጨዋ ሰው በምግብ ሰዓት አያወራም።

እንዲህ ባለ ኩሬ ዳር የሚደረገውን ነገር ቀረብ ብሎ መመልከት ተገቢ ነው። ቦቴው ጀርባውን ለኩሬው ሰጥቶ ይቆማል፣ ረዳቱ ወፍራሙን ቱቦ አንከባልሎ ያወርዳል፣ ማስተንፈሻውን ሲከፍት የሚወጣው ድምፅ በዳርቻው ያሉትን ወፎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ከመሬት ያነሳቸዋል፤ ሆኖም ቱቦው ገና ሳይጠቀለል ወፎቹ ተመልሰው ሰፍረዋል፣ ቀዳሚዎቹም ቱቦው አፍ አጠገብ ያሉት ናቸው። ረዳቱ አፍንጫውን በሸሚዙ ጫፍ ይዟል። ከሰላሳ እርምጃ ርቀት መነጽር ደቅኖ፣ በፈገግታ የሚመለከት ሰው ሲያገኝ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም።

በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች የቆሻሻ ዳርቻ ሁሉ የክብር እንግዳው አባ ኮዳ ነው። ይህ ከሽመላ ወገን የሆነው ግዙፍ ወፍ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቁመት ያለው ሲሆን፣ ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሁለት ሜትር ተኩል ሊበልጥ ይችላል። ራሱና አንገቱ መላጣ የሆኑት ጥንብ ውስጥ ሲያስገባቸው ላባ እንዳይቆሽሽበት ነው፤ ከአንገቱ ሥር የተንጠለጠለው ሐምራዊ ከረጢት የምግብ ማስቀመጫ ሳይሆን አየር የሚሞላ፣ ለመኩራሪያና ለመቀዝቀዣ የሚያገለግል አካል ነው። እግሮቹ በተፈጥሯቸው ጥቁር ቢሆኑም ነጭ ሆነው የሚታዩበት ምክንያት ሙቀቱ ሲበረታ በራሱ ኩስ ስለሚቀባቸውና የኩሱ እርጥበት ሲተን ደሙ ስለሚቀዘቅዝ ነው። በሐዋሳ የዓሣ ገበያ የታየው አባ ኮዳ በጁባ ጠርዝ ከሚታየው በመልክም በጠባይም አይለይም፤ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ በለቅሶ ቤት እንደቆመ ሽማግሌ አንገቱን ቀብሮ ይቆማል፣ የሚበላ ነገር ሲወድቅ ግን ሽምግልናውን ወዲያው ይተወዋል። ውበት ፍለጋ ከሩቅ አገር ለመጣ ተመልካች ይህ ወፍ ቅር ያሰኘው ይሆናል፤ ሆኖም ሌላው ፍጥረት የሸሸውን ሥራ ያለ ደመወዝና ያለ ጓንት የሚሠራ በመሆኑ፣ በማዘጋጃ ቤት ቋሚ ሠራተኞች መዝገብ ላይ ቢሰፍር የሚቃወም መኖር የለበትም።

ከአባ ኮዳ እግር ሥር የሚሯሯጡት ትንንሾቹ ግን ትልቁን ታሪክ ይዘዋል። በእንግሊዝኛ ስሙ ረፍ የሚባለው የውሃ ዳር ወፍ በሰሜን አውሮፓና በሳይቤሪያ ረግረግ ይራባል፤ ወንዱ በዚያ በአንገቱ ዙሪያ ትልቅ የላባ ኮሌታ አውጥቶ፣ ከሌሎች ወንዶች ጋር በሜዳ ላይ ተሰልፎ እየተውረገረገ ሴት ይማርካል። በጋብቻ ማግሥት ኮሌታውን ያራግፍና በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በርሮ ግራጫማ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ አፍሪካ ይገባል። የሰሜኑ ሠርገኛ በጥር ወር በፍሳሽ ኩሬ ጠርዝ ዝንብ ሲለቅም የተመለከተ ሰው፣ በውጭ አገር ስለሚኖር ዘመዱ ፎቶግራፍና ኑሮ ልዩነት የሚያውቀውን ያስታውሳል። ነጫጭ ሳቢሳዎች ከከብት ተነጥለው ሲመጡ፣ ጭልፊትም ከላይ ሲዞር፣ የዕለቱ ዝርዝር ሞላ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ባለበት ለወፍ ሲል ጁባ የሚገባ ተመልካች በአብዛኛው ኩሬውን አይፈልግም፤ ዓይኑ የተተከለው ወደ ሰሜን በሚዘረጋው ሱድ ላይ ነው። ሱድ ነጭ ዓባይ ተዘርግቶ፣ በደንገልና በተንሳፋፊ ሣር ተጠላልፎ የሚተኛበት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 5.7 ሚሊዮን ሄክታሩ በዓለም አቀፍ መዝገብ የሰፈረ ረግረግ ሲሆን፣ ንጉሡም ዐረብኛ ተናጋሪዎች አቡ መርኩብ፣ ማለትም ባለጫማው፣ የሚሉት ወፍ ነው። ምንቃሩ የእንጨት ጫማ የሚመስለው ይህ ግራጫ ወፍ ሳይንቀሳቀስ ለሰዓታት ቆሞ የሳምባ ዓሣ ይጠብቃል። ለአውሮፓ ሳይንስ ስሙን ያወጣለት ጆን ጉልድ የተባለው እንግሊዛዊ የወፍ ሊቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሲሆን፣ ናሙናውን ያቀረበለት ማንስፊልድ ፓርኪንስ ነበር። ይህ ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በትግራይ ተቀምጦ፣ እንደ አገሬው ለብሶ፣ በባዶ እግሩ ሲዞር የኖረ ሰው ነው። ጫማውን የጣለ ሰው ባለጫማውን ወፍ ለዓለም ማስተዋወቁ በወፍ ጥናት ታሪክ ውስጥ ተገቢውን ትኩረት አላገኘም።

ሰው ረግረግን በሁለት መንገድ እንደሚቀይር የሚያሳየውም ይኸው አካባቢ ነው። የነጭ ዓባይ ውሃ ግማሽ ያህሉ በሱድ ላይ ተንኖ ስለሚቀር፣ ውሃውን በጎን አሳልፎ ወደ ሰሜን ለማድረስ የተነደፈው የጆንግሌ ቦይ ቁፋሮ እ.ኤ.አ. በ1978 ተጀመረ። ከ360 ኪሎ ሜትሩ 240 ያህሉ እንደተቆፈረ የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ተነስቶ በ1984 ሥራው ቆመ፤ ያስቆመውን ጦር የመሩት ዶክተር ጆን ጋራንግ ደግሞ ሦስት ዓመት ቀድመው በአሜሪካ አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን የሠሩት በዚሁ ቦይ አካባቢ ልማት ላይ ነበር። በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ የሰጠውን አስተያየት እንዲህ በተጨባጭ ያስፈጸመ ተመራማሪ ማግኘት ያስቸግራል። ግዙፉ መቆፈሪያ ማሽን እዚያው ዱር ውስጥ ዝጎ ቀረ። ታላቁን ረግረግ ሊያደርቅ የሚችል ሥራ በቢሊዮን ኩቢክ ሜትር ስሌት፣ በመንግሥታት ስምምነትና በውጭ ኩባንያ ሲሞከር፣ ትንሹን ረግረግ የፈጠረው ግን ስለ ወፍ አስቦ የማያውቅ የፍሳሽ ቦቴ ነው።

የቀረው ችግር የተመልካቹ ነው። በደቡብ ሱዳን ፎቶግራፍ ማንሳት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ድልድይ፣ ወደብ፣ አውሮፕላን ማረፊያና የጦር ሰፈር ላይ መነጽር ማነጣጠር ደግሞ ፈቃድ ለያዘ ሰውም አይመከርም። ወፍ ይህን ደንብ ስለማታውቅ ልታርፍ የምትወደው በትክክል እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው። ከዋጃ፣ ማለትም ነጭ ፈረንጅ፣ መነጽር አንግቶ ሲገኝ «የፈረንጅ እብደት» ተብሎ የመታለፍ ዕድል አለው፤ ሐበሻ ቢሆን ግን፣ ሆቴል የሌለው፣ ቦቴ የማይነዳ፣ ዕቃ የማያስመጣ ሐበሻ በጁባ ምን እንደሚሠራ ለማስረዳት ከወፍ የተሻለ ምክንያት ማምጣት ይጠበቅበታል። ጥርጣሬው ወፏንም ራሷን አይምራትም። እ.ኤ.አ. በ2013 በግብፅ ቄና አውራጃ አንድ ሽመላ በጀርባው የመከታተያ መሣሪያ ተገኝቶበት በስለላ ተጠርጥሮ ፖሊስ ጣቢያ ቀርቧል፤ መሣሪያው የተመራማሪዎች መሆኑ ተጣርቶ ነፃ ሲወጣ መኔስ የሚል የፈርዖን ስም ተሰጥቶት ተለቀቀ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ሞቶ ተገኘ፣ ሰዎች እንደበሉትም ተዘገበ። መኔስ ከቄና በሰላም ወደ ደቡብ ቢዘልቅ ኖሮ የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ በጁባ ሰማይ ላይ ሊያልፍ ይችል ነበር።

ተመልካቹ እነዚህን ሁሉ ጣጣዎች ጨርሶ፣ ፈቃዱን አስፈርሞ፣ መኪና ተከራይቶና ጫማውን ለውጦ እስኪወጣ ድረስ የሚያዝያ ዝናብ ይገባል። ያኔ ከሳይቤሪያ የመጡት ወደ ሠርጋቸው ተመልሰዋል፣ የኩሬው መንገድ ጭቃ ሆኖ ቦቴው እስከ ጎማው ሰምጧል፣ ረዳቱም ተመልካቹን ከነመነጽሩ እንዲገፋ ጠርቶታል፤ ወፎቹንማ ከጠየቁ፣ ከአባ ኮዳ በቀር ወፍ የለም።