«ሰው በዛ» ላላችሁ ሁሉ

«ሰው በዛ!» አለ የባለቤቴ ወንድም፣ አንድ እግሩ ገና ሚኒባሱ ውስጥ እያለ።

«አንተ ስትወርድ ደግሞ አንድ ይጨምራል» አልኩት።

ጊዜው ጥር ነው። ከደብረ ታቦር ተነስተን ጥምቀትንና ቃና ዘገሊላን ጎንደር አክብረናል፤ በማግስቱ ቤተሰቡ በሙሉ አገልግሉን ይዞ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጣ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ማልዶ የወጣ ሰው አይቶ ማታ ይመለሳል። ይህ የታየው ግን ለእኛ ቤት ብቻ አልነበረም። የጥምቀት እንግዳ ሁሉ ተከትሎን፣ ወደ ሳንቃበር በሚወስደው መንገድ መኪናው ዳርና ዳር ቆሟል።

«ድሮ እኮ ጸጥ ያለ ቦታ ነበር። ፈረንጅ ብቻ ነበር የሚመጣው» ሲል ቀጠለ።

«ያ ጸጥታ የአገሩ ሰው ስላልመጣ የተገኘ ነው፤ አልናፍቀውም!»

የምሬን ነው። ዋሊያን በብሔራዊ ቡድኑ ስም ብቻ እያወቀ የሚያድግ የፋርጣ ልጅ እንዲኖር አልፈልግም። የወረታ ነጋዴና የደብረ ታቦር መምህር ልጆቻቸውን ይዘው ገደሉ አፋፍ ላይ ሲቆሙ ደስ ይለኛል። የሰው ብዛት አላስቆጣኝም። ያስቆጣኝ ሌላ ነው።

አንዲት እናት ከአገልግላቸው ዳቦ እየቆረሱ ለጭላዳ ይወረውራሉ። «እትዬ፣ ይተዉት» ስላቸው «የእግዜር ፍጡር አይደለም? ይራባል እኮ!» አሉኝ።

«የእግዜር ፍጡር ስለሆነ እግዜር ሣሩን አነጠፈለት፤ የእርስዎን ዳቦ መቼ ለመነ?»

ደግነታቸው አልጠፋኝም፤ ግን ቁጭ ብለው ቢያዩት ይበቃቸው ነበር። ጭላዳ በቂጡ ተቀምጦ፣ ምስር እንደምትለቅም ሴት በሁለት እጁ ሣሩን እየነጨ አፉን ይሞላል፤ ሲጨርስ ሳይነሳ በቂጡ ሸርተት ብሎ ወደ ቀጣዩ ሣር ይጠጋል። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለ። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዱር የትም አይገኝም። ዳቦ የለመደ ጭላዳ ግን ሣሩን ትቶ መንገድ ዳር መኪና መጠበቅ ይጀምራል፤ ነገ ከልጅ እጅ ይነጥቃል፤ ከነገ ወዲያ ጎማ ሥር ይገኛል።

ትንሽ አለፍ ብለን አንድ ጎረምሳ ስፒከሩን ድንጋይ ላይ ሰቅሎ አካባቢውን አናግቶታል። «ቀንስልን፣ ወንድምዓለም» አልኩት። «ለመዝናናት አይደል የመጣነው?»

«ዘፈንማ ጎንደር ሞልቶ ተርፏል። እዚህ የመጣነው ጎንደር የሌለውን ልንሰማ ነው።»

ዘጋው። ጨዋ ልጅ ነው፤ የሚነግረው ሰው አጥቶ ነበር።

ሣሩ ላይ ስለተጣለው ፌስታልና የውሃ ላስቲክ ስንነጋገር፣ አማቴ ነገሩን በሌላ በኩል ያዙት። «እናንተ ስለ ፌስታል ትጨቃጨቃላችሁ፤ በፊት እዚህ ሰው ያርስ፣ ከብት ይሰማራ አልነበረም? ታዲያ ከዚያ ይኼ ይብሳል?»

«አባባ፣ ልክ ብለዋል። ከዚያስ ያ አራሽ የት ሄደ?»

ዝም አሉ፤ ያውቁታልና። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ጎራ ገባ፤ እርሻው እየገፋ፣ ግጦሹ እየበዛ፣ መንገድ መሐሉን እየሰነጠቀው የዋሊያው ቁጥር ስላሽቆለቆለ ነው። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። በዚህ መሐል ፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ገብተዋል። ሰው የተወለደበትን ደጅ ለቆለት የተረፈን ሣር እኛ በግማሽ ቀን ሽርሽር የውሃ ላስቲክ ልናለብሰው ነው? ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ አሁንም ዝቅ አላደርገውም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ክርክሩ ወደ ቤታችን ዞረ። «ለዚህ ሁሉ ድካም የጉና ተራራ ምን አነሰን?» አለች ባለቤቴ።

«ጉና አላነሰም፤ እኛ ነን ያሳነስነው።»

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ አጠገቧ ከ4,100 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ቆሞላታል። ቻይናዎች በሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄድ ሁሉ በትከሻው ያልፋል፤ የመኪናውን መስኮት ይዘጋና «ኧረ ብርዱ!» ብሎ ያልፋል።

«ብርድ እንጂ ሌላ ምን አለው?» አለ የባለቤቴ ወንድም።

«የፎገራ ሩዝ ትበላለህ? ሩዙን የሚያጠጡት የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ነው የሚወርዱት። ጣናም ከዚያ ይጠጣል።»

የተራራው ጓሳ ሣርና አስታ ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል። እርሻው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር፣ አስታውም ለማገዶ በተቆረጠ ቁጥር ውሃው አፈር ይዞ ይሮጣል፤ ፎገራ ላይ ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። ገብስና ድንች ይዞ ሽቅብ የወጣውን ገበሬ አልወቅስም፤ መሬት ጠቦት ነው። ሽርሽረኛው ግን ምን ጠቦት ነው ጅብራ የሚቆርጠው? ጅብራ ለዓመታት ቅጠሏን ብቻ ይዛ ትቆያለች፤ ከዚያ ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝም አበባ ታወጣለች፤ አንዴ አብባ ትሞታለች። ዘሯን ሳትበትን የቆረጣት ሰው የብዙ ዓመት ልፋቷን ለአንድ ፎቶ ገደለው።

«እንግዲያው ሰው ወደ ጉና አይሂድ በላ!» አለኝ።

«ይሂድ እንጂ! የማያየውን ተራራ ማን ያዝንለታል?»

መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ከተራራው ሥር ያለችው የክምር ድንጋይ ከተማ ወጣት ፈረስ ቢያከራያችሁ፣ መንገድ ቢመራችሁ፣ ቆሎ ቢሸጥላችሁ ጓሳው ሳይታረስ እንጀራ ይሆነዋል። ዋጋ አትከራከሩት። ፎቶ አንሱ፤ ጅብራዋን አትንኩ። አገልግሉን ስታወርዱ ፌስታሉንና የውሃ ላስቲኩንም አብራችሁ አውርዱ።