«ልቀቅልኝ»፦ የአንድ ግቢ የሆትስፖት ጥናት

ሆትስፖት ማለት አንድ ሰው በገንዘቡ የገዛውን ኢንተርኔት ሌላ ሰው «ለአንድ ደቂቃ» ብሎ የሚጨርስበት ሥርዓት ነው። የስልክ አምራቾች የሚሰጡት ትርጉም ከዚህ ትንሽ ይለያል። እነሱ እንደሚሉት ስልኩ ከኔትወርክ ማማው የተቀበለውን ዳታ በዋይፋይ መልሶ ይበትናል፤ ባጭሩ ኪስ የሚገባ ራውተር ይሆናል። ትርጉሙ ስሕተት የለበትም። የጎደለው ጎረቤት ብቻ ነው።

ጥናቱ የተካሄደው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የቀበሌ ቤቶች ግቢ ነው። ግቢው አምስት ቤት፣ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ የመብራት ቆጣሪና አብዛኛውን ጊዜ ፓኬጅ የማይጠፋው አንድ ሰው አለው። ሰውየው አጥኚው ራሱ ነው። ይህ የገለልተኛነት ጥያቄ ሊያስነሳ እንደሚችል ይታወቃል፤ ነገር ግን ናሙናው በራሱ እግር መጥቶ በር የሚያንኳኳበት ጥናት በየቀኑ ስለማይገኝ ዕድሉ እንዲያመልጥ አልተፈለገም።

ከቃሉ እንጀምር። ዳታ ፈላጊ «ስጠኝ» አይልም። «አበድረኝ»ም አይልም። የሚለው «ልቀቅልኝ» ነው። በአማርኛ ምን ምን እንደሚለቀቅ እናስተውል፦ እስረኛ ይለቀቃል፣ ጥጃ ይለቀቃል፣ ቧንቧ ይለቀቃል። ሦስቱም በተፈጥሯቸው መሄድ የሚፈልጉ፣ አንድ ሰው ግን ይዞ ያስቀራቸው ናቸው። «ስጠኝ» ያለ ለማኝ ነው፤ «አበድረኝ» ያለ ባለዕዳ ነው፤ «ልቀቅልኝ» ያለ ግን አስፈቺ ነው። ሜጋባይቱ በአጥኚው ስልክ ውስጥ ያለ ፍርድ ታስሮ ተገኝቷል፤ እሱ ዋስ ሆኖ መጥቷል። አጥኚው ይህን የሰዋስው ምሥጢር ከተረዳ ወዲህ በሩ በተንኳኳ ቁጥር እንደ ወህኒ ቤት ዘበኛ ኪሱን ይዳብሳል።

ልማዱ አዲስ አይደለም። በክብ መደወያ ስልክ ዘመን መስመር ያስገባ ቤት በሰፈሩ አንድ ወይም ሁለት ነበር፤ ቁጥሩ ግን የሰፈሩ ሁሉ ነበር። ከሩቅ ሲደወል የቤቱ ልጅ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል፤ ጎረቤት ነጠላዋን እያስተካከለች ትሮጣለች። ሲደወል ማንሳት አያስከፍልም። መደወል ግን ያስከፍላል፤ ስለዚህ መደወያው ቀዳዳ ላይ ትንሽ ጓጉንቸር ይንጠለጠል ነበር። ስልኩን ከነአካሉ በእንጨት ሳጥን የሚቆልፉም ነበሩ። የሰፈር ልጆች ደግሞ እጀታው የሚቀመጥበትን ቁልፍ በጣት ቶሎ ቶሎ በመምታት፣ መደወያውን ሳይነኩ ቁጥር መደወል እንደሚቻል ደርሰውበት ነበር፤ ለአምስት አምስት ጊዜ፣ ለዜሮ ዐሥር ጊዜ። የዛሬዎቹ ፓስዎርድ ሰባሪዎች አባቶቻቸው እነማን እንደሆኑ ቢያውቁ ይበልጥ ትሑት ይሆኑ ነበር።

ሁለተኛው ቅድመ አያት የጋራ ቆጣሪው ነው። በአንድ ቆጣሪ አምስት ቤት ሲበራ ቢሉ የሚከፋፈለው በአምፖል ነበር፤ ፍሪጅ ያለው ይጨምራል፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ደግሞ በደንብ ይጨምራል። ይህ ተራ ስሌት አይደለም፤ ሕግ ነው። ክርክር አለው፣ ይግባኝ አለው፣ ማስረጃ አለው። አጥኚው በልጅነቱ አንዲት ጎረቤት «ሳሎኑ ውስጥ የሚበራው አምፖል ሳይሆን የሻማ ብርሃን ነው» ብለው ሲሟገቱ ሰምቷል፤ ሽማግሌዎቹም ጉዳዩን ለማጣራት ከመሸ በኋላ በመስኮት ተመልክተዋል። ሆትስፖት የዚህ ሥርዓት ልጅ ነው። የወረሰው ግን መብራቱን እንጂ ቢሉን አይደለም። እስከ ዛሬ በግቢው ውስጥ ፓኬጁን በስልክ ብዛት እንካፈል ያለ ሰው አልተመዘገበም።

ወደ ፓስዎርዱ እንለፍ። የዋይፋይን መቆለፊያ የሚደነግገው ደረጃ የፓስዎርድ ርዝመት ከ8 እንዳያንስ፣ ከ63 እንዳይበልጥ ያዛል፤ የሚቀበለውም የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት እንጂ ግዕዝ አይደለም። በእነዚህ ሁለት ድንጋጌዎች መካከል የተያዘ ሕዝብ አንድ መፍትሔ ብቻ ይቀረዋል፤ እሱም 12345678 ነው። ስንፍና ነው የሚሉ አሉ። አጥኚው አይስማማም። ፓስዎርድ በጽሑፍ ሳይሆን በጩኸት፣ ያውም በግድግዳ በኩል የሚተላለፍ ነገር በሆነበት ግቢ «ካንድ እስከ ስምንት!» ከሚለው የጠራ ቃል የለም። ለሙከራ ያህል አጥኚው አንድ ማክሰኞ ፓስዎርዱን 87654321 አደረገው። ሐሙስ ጠዋት ከቧንቧው አጠገብ ጥርሱን ይፋቅ የነበረ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ መፋቂያውን ከአፉ ሳያወጣ «ወደ ኋላ ቆጠርከው አይደል?» አለው። ሙከራው በዚሁ ተቋረጠ።

የሆትስፖት ስም ግን በግዕዝ ሊጻፍ ይችላል፤ ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ነው። ለስሙ የተመደበው ቦታ 32 ባይት ነው። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ይወስዳል፤ ስለዚህ አማርኛ ስም ከ10 ፊደል ማለፍ አይችልም። አጥኚው «ገዝተህ ተጠቀም» ብሎ ሰየመው። ይህ 8 ፊደል ከነክፍተቱ 25 ባይት ነው፤ ይገባል። «እባክህ ገዝተህ ተጠቀም» ግን 38 ባይት ስለሚሆን በ6 ባይት ያልፋል። እንግዲህ በየሰፈሩ ስልካችን ላይ ብቅ የሚሉት «አትንካ» እና «ሌባ» የሚባሉ ስሞች የሥነ ምግባር መላሸቅ ውጤት ተደርገው ሲወቀሱ መኖራቸው አለአግባብ ነው። ጨዋነቱ አልጠፋም፤ ቦታ አጥቶ ነው። አጥኚው ይህን ስሌት በወረቀት ሠርቶ ስሙን አይተው ለተቀየሙ ጎረቤት አሳይቷል። ጎረቤቱ ወረቀቱን ገልብጠው ካዩ በኋላ «እባክህ ያልገባው ልብህ ውስጥ ነው» ብለዋል።

አሁን የጥናቱን ዋና ክስተት እንመልከት። ዕለቱ እሑድ ነው። ቡና እየተቆላ ነው። በአጥኚው ስልክ ላይ ጠዋት የተገዛ፣ ሳምንት ይቆያል ተብሎ የታሰበ 1 ጊጋ አለ። የእህቱ ልጅ ላፕቶፕ ተሸክሞ ገባ፤ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የሚያስረክበው ጽሑፍ አለበት።

«ጋሼ፣ ሆትስፖት ልቀቅልኝ። አንድ ፒዲኤፍ ብቻ ነው።»

«ቪዲዮ እንዳታይ።»

«ኧረ ጋሼ!»

«ቪዲዮ እንዳታይ» የሚለው ቃል በዚህ ዘርፍ የታወቀው ብቸኛ ሕግ ነው፤ አስፈጻሚ አካል ግን የለውም። አቦል ሲቀዳ ልጁ ፒዲኤፉን አገኘ። ቶና ሲቀዳ እጁን ከላፕቶፑ ላይ አንሥቶ ፈንዲሻ እየበላ ነበር፤ ይህ በምስክሮች ተረጋግጧል። በረካ ሳይቀዳ የአጥኚው ስልክ ጮኸ፤ ፓኬጁ ማለቁን የሚገልጽ መልእክት ነበር።

ምርመራው እንዳሳየው ልጁ ንጹሕ ነው። ፒዲኤፉ 2 ሜጋባይት ነበር። ጥፋተኛው ላፕቶፑ ነው፤ እሱም ቢሆን ክፋት አላሰበም። ላፕቶፕ ዋይፋይ ባየ ጊዜ፣ ይህ የሚቆጠር ዳታ ነው ብለው ገብተው ካልነገሩት በቀር፣ ከስልክ የመጣ ይሁን ከግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ አይለይም። ወራት ሙሉ ዶርም ውስጥ ዝማኔ ተርቦ የከረመ ማሽን ድንገት የሞላ ቤት አገኘ፤ ያላወረደውን ሁሉ ማውረድ፣ ያላስቀመጠውን ፎቶ ሁሉ ወደ ክላውድ መጫን ጀመረ። ለቅሶ ቤት ሄዶ ሌማት የተከፈተለት ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ማስታወሻ ይሁን፦ በላፕቶፑ የዋይፋይ ቅንብር ውስጥ ኔትወርኩን «የሚቆጠር» ብሎ መመዝገብ ይቻላል፤ ትልልቆቹ ዝማኔዎች ያኔ ይታገሣሉ። አጥኚው ይህን ያወቀው በዚያኑ ምሽት ነው፤ ለማንበብም ሌላ ፓኬጅ መግዛት ነበረበት።

የአጥኚው እናት በክስተቱ ላይ የሰጡት አስተያየት ለጥናቱ ንድፈ ሐሳብ ትልቅ አስተዋፅኦ አድርጓል። «ከአየር ላይ የሚመጣ ነገር አይደል እንዴ?» አሉ ስኒ እየለቃለቁ። «ለልጁ አየር ብትሰጠው ምን ይጎድልብሃል?» አጥኚው 1,024 ሜጋባይት አንድ ጊጋ እንደሚሆን ለማስረዳት ሞከረ። እናቱ ቁጥሩን በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ፣ አባቱ ጎረቤት ውኃ ሲቀዳ ባልዲ ቆጥሮ እንደማያውቅ አስታወሱት።

ክርክሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ጉርሻን በግራም የለካ የለም። ቡና ላይ የተጠራ ሰው ስንት ማንኪያ ስኳር እንደጨመረ በስኳሩ ዕቃ ላይ አይጻፍም። ሜጋባይት ግን ስንት እንደሄደ፣ አንዳንዴም በማን በኩል እንደሄደ ስልኩ መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ሰጪው ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ የሰጠውን እስከ ነጥብ ድረስ ያነባል። ሳይወድ በግድ ለቸርነቱ ቆጣሪ ተገብቶለታል። ቆጣሪ የገባለት ሰው ደግሞ ወዲያው አምፖል መቁጠር ይጀምራል።

ከዚህ የተነሣ ግቢው የማምለጫ ጥበብ አዳብሯል። «ኔትወርክ የለም» የሚለው ጥንታዊው ነው፤ ድክመቱ በንግግሩ መሐል ቴሌግራም ኪው ማለቱ ነው። «ባትሪዬ ሊዘጋ ነው» የተሻለ ነው፤ ሆትስፖት ባትሪ መብላቱ እውነት ስለሆነ። በጣም የረቀቀው የአይፎን ባለቤቶች ነው። አይፎን የሆትስፖቱ ገጽ ተከፍቶ ካልቆየና አስቀድሞ የተገናኘ ስልክ ከሌለ ራሱን የመሰወር ጠባይ አለው፤ ባለቤቱም ከልቡ «ለቅቄልሃለሁ እኮ፣ ያንተ ስልክ ነው የማያየው» ማለት ይችላል። ሐሰት ሳይናገሩ መንፈግ የሚቻልበት ሌላ መሣሪያ በግቢው አልታየም። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ማምለጫ ከንቱ ይሆናል፤ የቤት ዋይፋይ ያላቸው ሁለቱ አባወራዎች ሳይቀሩ ወደ ሆትስፖቱ ይሰደዳሉና። በዚያች ሰዓት «ገዝተህ ተጠቀም» ላይ ሰባት ስልክ ተንጠልጥሎ፣ ሰባቱም «ኔትወርኩ ምነው ዛሬ?» ብለው አጥኚውን ወቅሰውታል።

ከናሙናው ውስጥ በየትኛውም ምድብ ያልገቡ አንድ ሰው አሉ፤ የግቢያችን እማማ። ልጃቸው ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ የምታርፈው ዓርብ ነው፤ የምትደውለው በኢሞ ነው። የጅዳና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ስለሆነ ቀጠሮው አይዛነፍም፤ ዓርብ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት። እማማ «ልቀቅልኝ» ብለው አያውቁም። ስልኩን እንደ ሞላ ስኒ በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ ላይ ይቆሙና «ልጄ፣ ሰዓቱ ደረሰ» ይላሉ። ቤታቸው ከአጥኚው ቤት በቆርቆሮ ግድግዳ የተለየ ነው፤ ብረት ሞገዱን እየመለሰ አያሳልፍም። ስለዚህ የአጥኚው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነው የሚያወሩት። መጀመሪያ ደረጃው ላይ ይቀመጡ ነበር። ቆይቶ አንድ ዱካ እዚያው ተገኘ፤ ማን እንዳወጣው ጥናቱ አላጣራም።

የቪዲዮ ጥሪ ዳታ በላተኛ ነው፤ ጠንቃቃ ተመራማሪ በመጀመሪያ ሊለካው የሚገባው እሱን ነበር። ሆኖም አጥኚው በየማታው ስንት ሜጋባይት በማን እንደሄደ በሚጽፍበት ደብተር የዓርብ ዓምድ ባዶ ነው። ጉድለቱ የመሣሪያ ብልሽት ሊሆን ይችላል።

ባለፈው ዓርብ አጥኚው ሆትስፖቱን የከፈተው በሩ ሳይንኳኳ፣ ለዐሥር ሩብ ጉዳይ ላይ ነበር። ስልኩ ላይ «1 መሣሪያ ተገናኝቷል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ከውጭ «ይታይሻል? አሁንስ ይታይሻል?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ልጅቷ ግቢውን ልይ ብላ ነበር። እማማ ስልኩን ከፍ አድርገው ቧንቧውን፣ ቆጣሪውን፣ የተሰጣውን በርበሬ እያዞሩ አሳዩዋት፤ ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ።

«ይኸውልሽ፣ እሱ ነው የሚለቅልን።»

አጥኚው እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ እጅ ነሣ።