አቦል፣ ቶና፣ ኤሲ

ወዳጄ ከአዲስ አበባ የደወለልኝ ነሐሴ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። ሥራው ቱሪስት ማስጎብኘት ስለሆነ ድምፁ ውስጥ ሁልጊዜ የሚሸጥ ነገር አይጠፋም። «አንድ እንግዳ ይመጣብሃል። ሆላንዳዊ ነው፣ ጥሩ ልጅ ነው» አለኝ። ሆቴል ያዝለት እንዳይለኝ ስሰጋ «ሆቴል አይፈልግም» አለ። ደስ ሊለኝ ሲል ደግሞ «የሚፈልገው ቤተሰብ ነው። ካገሬው ሰው ጋር በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ትርጉም ያለው የባህል ተሞክሮ ማግኘት ነው ሐሳቡ» ብሎ ጨረሰው።

«ወንድሜ፣ እኔ እዚህ አገሬው አይደለሁም፤ ትራንዚተር ነኝ።»

«ምን ልዩነት አለው?» አለና ዘጋው።

ልዩነቱማ አለው። ትራንዚተር ማለት ጅቡቲ ከተማ ተቀምጦ ኮንቴይነር የሚጠብቅ ኢትዮጵያዊ ነው። ከአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ 90 በመቶ የሚሆነው በዚህ ወደብ ስለሚያልፍ፣ ወረቀቱን ታቅፎ ከመስኮት ወደ መስኮት የሚዞር ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ስለ ጅቡቲ ባህል ጠንቅቄ የማውቀው ነገር ቢኖር፣ ማኅተም የሚመታው ሰውዬ ስንት ሰዓት ላይ ቢሮውን ቆልፎ እንደሚጠፋ ነው።

በዚያ ላይ ነሐሴ! በዚህ ወር አቅም ያለው ጅቡቲያዊ ወይ ወደ አርታ ከፍታ ይወጣል፣ ወይ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል። ከተማው ውስጥ የሚቀረው ኮንቴይነርና ትራንዚተር ነው። ካምሲን የሚሉት ነፋስ አለ፤ ከበረሃው አቧራውን ጭኖ ሲመጣ፣ የጋለ ምጣድ አክንባሎ ፊትህ ላይ የከፈቱብህ ይመስልሃል።

ልጁ መጣ። ሶፋችን ሁለት ሜትር አይሞላም፣ እሱ ይሞላል። ስለዚህ እግሩን ማቀዝቀዣው በር ላይ አሳርፎ አደረ። ባለቤቴ ሌሊት ሊጥ ልታወጣ ስትነሳ፣ እግሩን እንደ በረት መዝጊያ ገለል አድርጋ ከፍታ፣ መልሳ ቦታው አኖረችው። ሊጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ምን ይሠራል ለሚለኝ ሰው፦ እዚህ አገር ሊጥ ውጭ ካደረ ጠዋት የሚጋገረው እንጀራ ሳይሆን ኮምጣጤ ነው።

በማግስቱ ሙቀቱ ሳይበረታ መሀል ከተማ ወሰድኩት። አደባባዩ ላይ ስንደርስ «ስሙ ማነው?» አለኝ። በመንግሥት ወረቀት 27 ጁን 1977 ነው፤ ነፃነታቸውን ያገኙበት ቀን። ሰዉ ግን ፕላስ ሜኔሊክ ነው የሚለው። እንግዳዬ ደብተሩን አወጣ።

«ሜኔሊክ የጅቡቲ ንጉሥ ነበር?»

«አልነበሩም፤ የእኛ ናቸው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

ባቡሩን ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1897 ከዚህ ከተማ ተነሥቶ ሐዲዱ እየተነጠፈ፣ ድሬዳዋን ከምንም ፈጥሮ፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ የፈቀዱት ንጉሥ ዐርፈው አራት ዓመት ገደማ ካለፋቸው በኋላ። ላጋርድ የሚባለው የፈረንሳዮቹ ገዥ ደግሞ ከዐፄ ምኒልክ እጅ የእንጦጦ መስፍንነት ማዕረግ ተቀብሏል። እነሱ ለእኛ ንጉሥ እዚህ አደባባይ፣ እኛ ለእነሱ ገዥ እዚያ ተራራ፤ ሁለቱም በስም ብቻ። እንግዳዬ ይህን ሁሉ ጻፈና አንብቦ ሲጨርስ ቅር አለው። «ይህ እኮ የኢትዮጵያ ታሪክ ነው። የጅቡቲን እፈልጋለሁ» አለ።

እሺ፣ ምሳ ዓሣ ቤት። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ፣ ቀይ ቅመም ተቀብቶ፣ በሸክላው ምድጃ ግድግዳ ላይ ተጠብሶ፣ እንደ ትሪ ከሰፋ ትኩስ ቂጣ ጋር ጋዜጣ ላይ ሲቀርብ የልጁ ፊት በራ። (ባለቤቴ ፍልሰታ ይዛ ነበር። ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ቤታችን ውስጥ እሷ ከዘጋችው ቆይቷል። ይህን አንቀጽ እንዳታነብብኝ አደራ።) «ይሄስ ከየት ነው?» አለኝ በሙሉ አፉ። የመን አልኩት። ከባሕሩ ማዶ ያሉት የመኖች አሠራሩን ከነቂጣው ነው ያሻገሩት። በቅባት ጣቱ ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ሰረዘ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ግን እግዜር ረዳኝ። ከተማው ድንገት ነቃ፤ ጥሩምባው፣ ሩጫው፣ በእርጥብ ጆንያ የተሸፈነው እስር፣ በየጥጉ ጠረጴዛቸው ላይ የተቀመጡት ሴቶች። ጫቱ ገባ። ሚኒስትሩም ተሸካሚውም በእኩል ሰዓት ወደ መብረዙ፣ ወደ መቃሚያው ቤት፣ ሲሰበሰብ ያየው እንግዳዬ እጁን አጨበጨበ።

«ይኸው! ይሄ የጅቡቲ ነው!»

«ነው።»

«የት ይበቅላል?»

ልዋሽ ነበር። እውነቴን ነው፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «አወዳይ» አልኩት። «አወዳይ የት ነው?» «ሐረር አጠገብ።» ሰረዘ። ደግነቱ ሰረዘ እንጂ አልተወውም፤ አንድ እስር ቀምሶ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወራ አደረ። እስከ ዓርብ ድረስ ሶማሊኛ፣ አፋርኛና አማርኛ ሊማር፣ ወደ አገሩ ተመልሶ ስለ ሦስቱም መጽሐፍ ሊጽፍ ወሰነ። እኔ ጠዋት ሥራ ነበረኝ።

አሳል ሐይቅንም አየ፤ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር፣ ዳር ዳሩ ጨው። ማንም ከየትም ያላመጣውን አንድ ነገር በማግኘቱ ተደስቶ፣ «ጨውስ?» ብሎ የአፋሩን ሽማግሌ ጠየቀ። ሽማግሌው በግመል ዱላቸው ወደ ምዕራብ አመለከቱ። በዱሮ ጊዜ ግመሎቹ ጭነው የሚሄዱት ወደዚያ ነበር። ወደዚያ ማለት ወደ እኛ።

እንግዲህ የመጨረሻው ቀን ማታ የቀረኝ የማውቀው ነገር ብቻ ነው፤ ቡና። ባለቤቴ ስትሰናዳ ዋለች። ቄጠማ የለም። እዚህ ከተማ በነሐሴ አረንጓዴ ነገር ማግኘት ማለት ከጫት ሻጮቹ ጋር መጣላት ስለሆነ፣ የፕላስቲክ ሣር አነጠፍን። ረከቦቱ ቀረበ። ስኒዎቹን ለፋሲካ እናቴ ናት የላከችልን፤ ከድሬዳዋው ከፊራ ገበያ ገዝታ፣ አንዳንዱን በአሮጌ ካልሲ ጠቅልላ፣ በከባድ መኪና ሹፌር እጅ። አንድም አልተሰበረም።

እንግዳዬ አንዱን ስኒ አንሥቶ ገለበጠው። ቂጡ ላይ የቻይና ማኅተም አለ። ቀና ብሎ አየኝ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ሙያዬ ግን አስቻለኝ? ስኒው ከቻይና በመርከብ ተጭኖ የሚወርደው እዚሁ ነው አልኩት፤ ከዚህ ቤት በታክሲ በሚደረስ ወደብ። ከዚያ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከሞጆ መርካቶ፣ ከመርካቶ በአይሱዙ ድሬዳዋ ከፊራ፣ ከከፊራ እናቴ፣ ከእናቴ ሹፌሩ፣ ከሹፌሩ ተመልሶ እዚህ። እንግዳዬ በጣቱ አየር ላይ መንገዱን ተከተለና መነሻው ላይ ሲመለስ እጁን አወረደ። «ለምን እዚሁ አትገዙም?» አለ። ባለቤቴ መልስ አልሰጠችውም። እናት የላከችው ስኒና ገበያ የተገዛ ስኒ አንድ ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ምን ይባላል?

ቡናው ሲቆላ ጭሱ እንዳይታፈን ኤሲውን አጠፋን፣ መስኮቱን ከፈትን። ኤሲውን እዚህ ክሊም ይሉታል፤ ሲጠፋ ግን በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነው። ከሰል ተቀጣጥሏል፣ ዕጣን ገብቷል፣ ውጭ ካምሲን አለ። እንግዳዬ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ፣ ከዚያ ማራገቢያውን ከባለቤቴ እጅ ወስዶ ከሰሉን ትቶ ራሱን ማራገብ ጀመረ።

ሽታው ጎረቤታችንን ኤዶን ጠራት። ኤዶ በሶማሊኛ እንደ እኛ እትዬ ነው። ሶማሌ ናት፤ ድሬዳዋ ለገሃር ሰፈር ያደገች፣ ምርቃቷም ስድቧም በአማርኛ የሚቀናት። ገብታ ባለቤቴን አየቻት፣ ምጣዱን አየችው፣ «አቦ ምንድነው ይሄ? ቡናውን እየቆላሽው ነው እየለመንሽው?» ብላ በርጩማዋን ተቀበለቻት። በኤዶ እጅ ምጣዱ ዘፈነ። ጭሱን በየአፍንጫችን አዞረች፣ ወቀጠች፣ ጀበናውን ጣደች፣ ከከፍታ ያለ ጠብታ ቀዳች። ባለቤቴ አኩርፋ ፈንዲሻ ታድል ጀመር። እንግዳዬ የኤዶን ፎቶ ሲያነሣ የስልኩ ባትሪ አለቀ። አቦሉን ጠጥቶ ለኤዶ በጠራ አማርኛ «አመሰግናለሁ» አላት፤ ፈንዲሻ ላቀረበችለት ባለቤቴ ደግሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በሶማሊኛ «መሃድሰኒድ» ብሎ አመሰገናት። ባለቤቴ የደሴ ልጅ ናት።

በቶናው «ኤሲውን ጥቂት ደቂቃ ብቻ» ብሎ ለመነ። አዘንን፤ ከፈትንለት። ብርድ ሽው ሲል ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ። መብራት የሄደው ያኔ ነው። ጨለማው ውስጥ ኤዶ ወደ እኔ ዞረች፤ የኤዶ ልጆችም ከደጃፍ ወደ እኔ ዞሩ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የጅቡቲ ኤሌክትሪክ በብዛት በመስመር የሚመጣው ከኢትዮጵያ ነው፤ ስለዚህ በጠፋ ቁጥር ሰፈሩ እኔን ያየኛል፣ ማጥፊያውን ኪሴ የያዝኩት ይመስል። «ምን አየኸን?» አለችኝ ኤዶ፣ «ደውልላቸዋ!»

በረካውን በሻማ ጠጣን።

በማግስቱ እንግዳዬ ከናጋድ ጣቢያ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ተሳፈረ፤ እናቴ ዘንድ ሊያርፍ። ያለ ስጦታ መግባት ነውር እንደሆነ ተምሮ ኖሮ፣ ለእናቴ የሚሆን ነገር ከገበያ ራሱ ገዝቶ በካርቶን አሽጎ አመጣ። በሥራዬ ካርቶን ሳይከፈት ማሳለፍ ስለለመድኩ ምንድነው ብዬ አልጠየቅሁም። «ተጠንቀቅ፣ ይሰበራል» ሲለኝ እንኳ አልነቃሁም።

ማታ ስልኬ ጮኸ።

«እማዬ፣ እንግዳው ደህና ገባ?»

«ገብቷል። በልቷል፣ ተኝቷል፣ እግሩ ሳሎን ነው» አለች። ቀጥላ ዝም አለች። የእናቴ ዝምታ ከካምሲን ይከብዳል።

«ምነው እማዬ?»

«ምን በድዬህ ነው ልጄ?»

«ምን አደረግሁ?»

«ለፋሲካ የላክሁልህን ስኒ በፈረንጅ እጅ የመለስክብኝ!»