ስፒከሩን እንዳትረሱ

መንገዱ ሰላም ሆኖ ሲከፈት ወደ ግሽ ዓባይ ለምትወጡ ወገኖች፣ ከወዲሁ እንኳን ደስ ያላችሁ። አደራ፣ ተፈጥሮን ልታደንቁ ስትሄዱ ስፒከር እንዳትረሱ። ግሽ ዓባይ የሚገኝበት ሰከላ ከጥንት ጀምሮ የጎደለው ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ወፉም፣ ቅዳሴውም፣ የእረኛው ዋሽንትም ሸለቆውን መሙላት አቅቷቸው ስንት ዘመን ኖረዋል!

ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነሥታችሁ ፍኖተ ሰላም ላይ ቁርጥ ትበላላችሁ። በቢራ አወራርዳችሁ፣ ቡሬን አልፋችሁ፣ ቲሊሊ ላይ ወደ ቀኝ መታጠፍ ነው። የአገሬው ሰው ጠበል በባዶ ሆድ ነው ይላል። ይበል፤ እሱ ይህን ሁሉ መንገድ አልነዳ!

ጫማ አውልቁ የሚላችሁም አይጠፋም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ሲደርስ እንዲሁ ቢሉት እሺ ብሎ አወለቀ። ቁልቁል ወደ ምንጩ ሲሮጥም ሁለት ጊዜ ክፉኛ ወደቀ። ተነሥቶ በኮኮናት ቅርፊት ውሃ ቀዳና ለንጉሡ ለጆርጅ 3ኛ ጤና ጠጣ። ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. ቀድሞት እዚያው ቆሞ ነበር፤ ብሩስ ግን ይህን ሊቀበል አልወደደም። እኛም ከብሩስ ጫማ ማውለቁን ትተን «መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ» ማለቱን ወረስን። የምንለጥፈው ቪዲዮ «ማንም የማያውቀው ድብቅ ቦታ» ይላል፤ ከኋላ ድንቹን የሚኮተኩት ገበሬ ቆሞ ያያል።

በትውፊት አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዚህ ምንጭ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ አንድም ቅጠል ሳይርስ ተረክበዋል። ዛሬ አደራው ሃይላንድ ሆኗል። አትጠራጠሩ፣ እሱም አይበሰብስም፤ የልጅ ልጆቻችሁ መጥተው እንዳለ ይረከቡታል።

ጊዜ የተረፈው ወደ ጮቄ ይውጣ። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራልና አስታውን ቆርጣችሁ አንድዱ። ጅብራ ዕድሜውን ሙሉ ቆይቶ አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታል፤ እስኪያብብ ማን ይጠብቃል? ገንድሱና ፎቶ ተነሡበት። ገበሬው ከብቱን ወደ ተከለለው መሬት ቢያስገባ በራሱ ቀበሌ ደንብ ይቀጣል። የእናንተ ላንድክሩዘር ሣር ስለማይግጥ ማንም አይናገረውም።

እንዲያው ለእኔ ብላችሁ አንዲት ነገር ብቻ፦ ሃይላንዱን ይዛችሁ ውረዱ። ሙሉውን ዳገት ካወጣችሁት፣ ባዶው ቁልቁለት አይከብዳችሁም።