ፊተኛውን ጫን ይበሉ!

እንግሊዞች ባሮ ወንዝ ዳር ሲሰፍሩ ዳግማዊ ምኒልክ በልክ ነበር ያከራዩዋቸው። በ1894 ዓ.ም. የተፈረመው ውል የወንዙ ዳርቻ ከ2,000 ሜትር፣ መሬቱም ከ400 ሔክታር እንዳይበልጥ ይላል። ምነው ስለ ቋንቋቸውም አንድ መስመር በጨመሩበት! ሱዳን በ1948 ከእነሱ እጅ ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ነገር አበቃ፤ እንግሊዝኛው ግን ይኸው ጋምቤላ ከተማ፣ እኔ ቤት ገብቶ ቁጭ ብሏል።

ያስገባብኝ የልጅ ልጄ ነው። ከካርቱም ጋምቤላ ይመላለስ ስለነበረው መርከብ ሳጫውተው «እስቲምቦት» አልኩ። «አባባ፣ ሁለት ቀለም ነው፤ እርስዎ ሦስት አደረጉት» አለኝ። ፊቱ ላይ «እ» ጨምሬበት ኖሯል! በገዛ አፌ ብጨምር ማን ከፍሎበት?

ይሄስ ይሁን። «ደግሞ ፊተኛውን ጫን ይበሉ» ይለኛል። ለምን? ሁለቱ ቃላት ተጋብተው አንድ ስም ሆነዋላ! «ግሪንሃውስ» ሲሉ ግሪኑን ብቻ ከተጫኑት በላስቲክ ወይም በመስታወት የተሸፈነ የአትክልት ማብቀያ ነው፤ ሃውሱንም ከተጫኑት አረንጓዴ የተቀባ የሰው ቤት። እንግዲህ ጉንፋን የያዘው ሰው ቲማቲም ሊገዛ ወጥቶ የማያውቀውን ደጅ ሊያንኳኳ ነው። ጽሕፈቱም አያግዝም፦ ግሪንሃውስ ተጋጥሞ፣ ፖስት ኦፊስ ተለያይቶ ይጻፋል፤ ጫናው ግን ሁለቱም ዘንድ ፊተኛው ላይ ነው።

የኛው ሰዋስው ጨዋ ነው። ሆድን ከሰፊ ሲያጋባ «ሆደ ሰፊ» ብሎ ቀለበቱን ያሳያል። ይህን ስለው «ትምህርት ቤትስ? ቀለበቱ የታል?» አይለኝም! ድሮ ልጅ እንዲህ አይጠይቅም ነበር።

ዳኝነት ፍለጋ ኑዌሩ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። ሳቀብኝ። በነሱ ቋንቋ አንዲት ቀለም ድምፅዋ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል፣ አናባቢዋ ሲረዝም ወይም ሲያጥር፣ በትንፋሽ ታጅባ ስትወጣ ትርጉሟ ሌላ ነው። ብዙ ቁጥሩንም ብዙ ጊዜ ቅጥያ ሳትሻ፣ እዚያው አንጀቷ ውስጥ አናባቢዋን ለውጣ ታወጣዋለች። «እናንተስ፣ በዓሉ ገና ሲጠብቅ ‹ገና ነው› የምትሉት ሲላላ ፊደላችሁ ያሳያል?» አለኝ። አያሳይም። ግን የኛ እኮ ነው!

ትናንት ማታ ልጁ ለፈተና ሲያጠና «ብላክቦርድ» ያስብለኝ ጀመር። ብላኩን ስጫን ሰሌዳ፣ ሁለቱንም ስጫን ጥቁር ጣውላ። «የናንተ ክፍል ሰሌዳ ነጭ አይደለም እንዴ?» አልኩት ደስ ብሎኝ።

«እሱማ ዋይትቦርድ ነው፣ አባባ። ዋይቱን ጫን ይበሉ።»